ካሜራው ፊት በጎኔ ተኛሁ

ከባሕር ዳር በወጣሁበት ሌሊት የባሌ እህት ይታይሽ ሻንጣዬን እየዘጋች፣ «እታለም፣ አውሮፕላኑ ላይ እንዳትተኚ፤ ሞተሩ ተበላሸ ብለው ይመልሱሻል» አለችኝ። ሊሸኘኝ የመጣው ሁሉ ሳቀ። ለምን እንደወጣሁ የራሴ ጉዳይ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ፔዳ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ አንድ ክፍል ውስጥ ስንተኛ፣ ማንኮራፋቴን ለሰፈሩ የነዛችው እሷ ናት። ሌሊት ሌሊትም በክርኗ ጎኔን እየወጋች «ዙሪ» ትለኝ ነበር። ያን ክርን አልረሳሁትም።

ጀርመን ያከራየችኝ ሴትዮ ክርኗ አይደርስብኝም፤ በግድግዳ ማዶ ናት። «ወይ ታከሚ፣ ወይ ክፍሉን ልቀቂ» አለችኝ። እኛ ጅብ እየጮኸ፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እየተሰማ የምንተኛ ሰዎች ነን። እዚህ ውሻ እንኳ ጎረቤት እንዳይቀየመው ቀስ ብሎ ነው የሚጮኸው።

ሐኪም ቤት ደረቴንና ጣቴን በሽቦ አሰሩና «እንደ ቤትዎ ይተኙ» አሉኝ። ጣሪያው ላይ ካሜራ አለ፤ በካሜራው የሚያየኝ ጎልማሳ ወንድ ነው። እንግዳ ወንድ እያየኝ በጀርባዬ ልንጋለል? ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ጉልበቴን ሰብስቤ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኝቼ አነጋሁ። ውጤቱ «ጤነኛ» ሆነ።

አከራዬ ይህን ስትሰማ፣ «ሕመም ከሌለብሽማ ሆን ብለሽ ነው» ብላ ጓዜን እንድሸክፍ አዘዘችኝ።

ሐኪም ቤት ተመልሼ፣ ካሜራውን አፍሬ በጎኔ እንደተኛሁ ለሐኪሟ በአስተርጓሚ ነገርኋት። አልሳቀችም። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮ እንደሚዘጋ፣ በጎን ሲሆን ግን አየር እንደሚያልፍ፣ ሕመሜን የደበቀውም አተኛኘቴ እንደሆነ አስረዳችኝ። በሁለተኛው ምርመራ የምትጠብቀኝ ሴት ሆነች፤ በጀርባዬ እንደ ሬሳ ተጋደምሁ። ለካ ትንፋሼ ደጋግሞ ይቆም ኖሯል። በጀርባዬ እንዳልገለበጥ ከኋላ ትራስ ያለው ቀበቶ ሰጡኝ። ማንኮራፋቴ ሲቀንስ አከራዬም ክፍሉን ተወችልኝ።

እሑድ ደወልሁ። ይታይሽ ጣናን ስለወረረው እምቦጭ ስታወራ ቆይታ፣ «እዚያ ማን ያዞርሻል?» አለችኝ።

«መንግሥት» አልኋት።

ሳቀች። ክርኗ መድኃኒት እንደነበር አልነገርኋትም፤ ይህንንም ለሰፈሩ ትነዛዋለች።

«እኔስ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዝምታው አላስተኛ ብሎኛል።»

ካርድ አለቀብኝ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ቀበቶውን ታጠቅሁ። ጥሩ ቀበቶ ነው፤ ግን አንድም ቀን «ዙሪ» ብሎኝ አያውቅም።