ጠጄን ይዤ ሻምፓኝ ጓዳ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ

የጉዞው ዓላማ ለሜሮን ሠርግ ሻምፓኝ መምረጥ ነው። የኔ ዓላማ ሌላ ነበር፤ ሻምፓኙን ማስጠላት። ሜሮን የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ቶሮንቶ ውስጥ ስንቱ የሐበሻ ሠርግ ላይ ጠጅ ጥያለሁ፤ ለገዛ ልጄ ሠርግ ግን እስካሁን "ጣይልኝ" ያለኝ የለም። የሥራ ባልደረባዋ ጸጌ ነገሩን ሁሉ ይዛዋለች። አዳራሹን የመረጠች ጸጌ፣ ቀሚሱን የመረጠች ጸጌ፣ አሁን ደግሞ "አሪፍ የድሮ ሻምፓኝ ቤት አለ" ያለች ጸጌ። ምን ልደብቅ፣ በቅናት አንጀቴ አርሯል።

ጎን ለጎን ቀምሰው ይፍረዱ ብዬ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠጅ ቀዳሁና፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መንገድ ላይ

ጸጌ ትነዳለች፣ ሜሮን ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ ከቦርሳዬ ጋር። ሐይቁን በስተግራ ይዘን ሃሚልተንን አለፍንና የናያጋራ የወይን እርሻ ጀመረ። አንድ የመንገድ ዳር ፍራፍሬ መሸጫ ዳስ ጋ ቆመን ፒች በላን፤ ማር ነው። ሁለቱ በእንግሊዝኛ እያወሩ ሲስቁ ምን እንደተባለ ብጠይቅ የሥራ ነገር ነው አሉኝ። መኪናው ውስጥ ሙቀቱ አይጣል ነበር።

ጓዳው

በድንጋይ ደረጃ ስንወርድ ብርዱ ተቀበለን። ጠርሙሶቹ በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ተሰክተዋል። ዝቃጩ ወደ አፋቸው እንዲወርድ ሠራተኛ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያዞራቸዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ጋደም ብለው ዓመታት ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ በጓዳውም ቀናሁ። እኔ የምጥለው ቁምሳጥን ውስጥ ከኮት ሥር ነው፤ ክረምት ሲመጣ ሂተሩ ያንገበግበዋል።

አስጎብኚዋ ድሮ ጠርሙስ እየፈነዳ ስለሚያስቸግር ሠራተኞቹ የብረት ጭንብል ያጠልቁ እንደነበር ስታስረዳን፣ ቦርሳዬ ጧ አለ።

የኔ ጉድ! ገና እየፈላ ያለ ጠጅ እንደማይከደን ለሌላው የማስተምር ሴት፣ ቅናት አስረሳኝ። የጸጌ ነጭ ጫማ በጠጅ ታጠበ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በሆዴ ግን ትንሽ ደስ አለኝ።

ቅምሻ

የመጀመሪያው ጎመዘዘኝ። ሁለተኛው ምንም አይል። ሦስተኛው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ግሩም ነበር። ያኔ አልቻልኩም።

"ጠጄን አልፈለግሽውም አይደል?" አልኳት ሜሮንን።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "አክስቴ፣ ጠጅ በጣልሽበት ሠርግ አንድም ቀን ተቀምጠሽ አይቼሽ አላውቅም። ጆግ ይዘሽ ስትቀጂ ነው የሚያልቀው። በኔ ሠርግ የእማዬ ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ፣ ፕሊስ።"

ጸጌ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየጠረገች፣ "ጠጁን እርስዎ ይጣሉ፤ የምቀዳው እኔ ነኝ" አለች።

ቤት

አመሻሽ ላይ ገባን። መጀመሪያ ቁምሳጥኑን ከፍቼ የቀረውን ጠጅ ክዳን አላላሁለት። ለሚፈላ ነገር መተንፈሻ መተው እንዳለብኝ ለመማር ናያጋራ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ቅናቱ ሙሉ በሙሉ ለቆኛል አልልም። ደግሞ ጠጅ አቀዳድ የማያውቅ ሰው ሠርግ ያበላሻል፤ ስለዚህ ጸጌን ኮል አደረግኳትና ላስተምራት እሁድ እንድትመጣ ነገርኳት።

ነጭ ጫማ እንዳታደርግ ጭምር።