የሞቀው እጅ

ነርሷ ሥራዋን የምትጀምረው እጇን በሙቅ ውሃ ታጥባ ነው። የበረደ እጅ በሌላው ብርድ ላይ አይመሰክርም ትላለች። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባልደረቦቿ «ጥርጣሬ» ይሏታል፤ ማሽኑ ደህና ነው ሲል እሷ ብርድ ልብስ ገልጣ የበሽተኛ ጣት ትዳብሳለችና። «ጡት ስትጠባ እንኳ እናቷን አስቀድማ አስቀምሳ ነው» እያሉ ይስቁባታል።

የወረደ የደም ግፊት የሚያነሣው መድኃኒት ደም ሥሮችን ያጠብባል። ከደም ሥር ሾልኮ ሥጋ ውስጥ ከገባ ደግሞ ደም ያሳጣል፤ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። በመስኮቱ በኩል የተኙት አባት መድኃኒቱን የሚወስዱት በቀኝ ክንዳቸው በገባ መርፌ ነበር። ቅድም ጣታቸው ቀዝቀዝ ስላለባት፣ «ከባሰ ለሐኪሙ እነግራለሁ» ብላ ነበር የሄደችው። ተመልሳ ስትመጣ እጃቸው ሞቋል።

«ሲስተር፣ ደግሞ መጣሽ? ጣቱን የምትቆጥሪው እንዳንሰርቅብሽ ነው?» አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ልጃቸው።

«ማን ያውቃል፤ ሰው አይታመንም።»

እጁ ሞቋል እንጂ አልቀላም። ጥፍሩን ጫን አድርጋ ስትለቀው እንደነጣ ቆየ። መርፌ የሌለበት ግራ እጃቸው ቀዝቅዞ ይሄኛው መሞቁ አልዋጥላት አለ። ብርድ ልብሱን ልትገልጥ ስትል ልጅቷ ጫፉን ያዘች።

«ይበርደዋል።»

«አውቃለሁ፤ ልቀቂው።»

ከመዳፋቸው ሥር ሙቅ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ጓንት ተገኘ። ከመርፌው በላይ ቆዳው እንደ ወረቀት ነጥቶ አብጧል።

«ከቧንቧው ሞልቼው ነው» አለች ልጅቷ ዓይኗን ሰብራ። «በረደ ካልሽ መድኃኒቱን ትነቅይበታለሽ ብዬ። ከነቀልሽበት ደግሞ አባዬ...»

«መድኃኒቱ አይቋረጥም፣ እህቴ። የሚቀየረው መንገዱ ነው። ከደበቅሽኝ ግን እጁን እናጣዋለን።»

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። መድኃኒቱ ወደ አንገታቸው ደም ሥር ተዛወረ፤ በነጣው ቆዳ ዙሪያ ማርከሻ ተወጋ። ከመምሸቱ በፊት አራቱ ጣቶች ደም መለሱ፤ ትንሿ ጣት ግን እንደነጣች ነበረች።

ጥርጣሬ ትራሱን አነሣች፤ አንሶላውን ዳበሰች፤ የልጅቷን ቦርሳም በዓይኗ ፈተሸች።

«ሌላ ጓንት የለኝም» አለች ልጅቷ።

«እናያለን።»

ትንሿን ጣት የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ነገ ጠዋት ያያታል።