የሌላ ፋብሪካ ሰዓት

ከሀገሬ ወጥቼ ሆዳን በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ነው የምሠራው፤ የማድረውም እዚያው ነው። ማዳም ቤት አንድ የማይነካ ሕግ አለ፦ ጠዋት ሥራ ስጀምር ስልኬ ሳሎን ካለው ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ የሚወጣው የምሳ ዕቃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ስልክ ስታወራ ሩዝ አሳርራለች አሉ። እሷ ላሳረረችው ቅጣቱን የምቀበለው እኔ ነኝ።

ስለ ሰዓት ግን ሕጉ ምንም አላለም። ስለዚህ ከማዕከላዊ ገበያ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ሰዓት ገዛሁ። ስልኬ ማዳም አዲስ ስትገዛ አሮጌዋን የሰጠችኝ፣ ያ ውዱ ዓይነት ነው። የስልኩ ፋብሪካ የሚሠራውን ሰዓት እኔ አልደፍረውም፤ የሌላ ፋብሪካ ወሰድኩ። ሻጩ "ከሁሉም ስልክ ጋር ይሠራል" ብሎኛል። እውነትም መልእክት ሲመጣ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አነባለሁ። ልመልስ ስል ግን እምቢ። ይዤው ስመለስ ሻጩ አንገቱን አከክ አከክ አድርጎ፣ "ሰዓቱ ደህና ነው፤ በሌላ ስልክ ይመልሳል። ይሄኛው ስልክ ግን መልስ የሚያስልከው የራሱን ሰዓት ብቻ ነው" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ስልኩ የእኔ፣ ሰዓቱ የእኔ፣ እጁ የእኔ። መሀል ገብቶ ይሄ ያናግርልሽ፣ ያ አያናግርልሽ የሚለኝ ማን ስለሆነ ነው? ፋብሪካው ስልክ ሸጦ አልበቃው ብሎ የእጄንም አንጓ ይፈልጋል። አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል ይባላል፤ እስኪተፋ የምጠብቅበት ጊዜ ግን አልነበረኝም። ታናሽ እህቴ እዚሁ ከተማ ዋራበሌ ሰፈር ተቀምጣ የደላላ መኪና እየጠበቀች ነበር።

ከሀገር ቤት መጥታ እዚያ የሰፈር ልጆች ዘንድ ተጠግታለች። ሐሳቧ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ነው። ቅሪ እንዳልላት ሥራ አላገኘሁላትም፤ ሂጂ እንዳልላት ያ ባሕር ስንቱን እንዳስቀረ ሰምቻለሁ። "መኪናው ሲመጣ እጽፍልሻለሁ" አለችኝ። "ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። ዝም ካልሽኝ ፈቅደሽልኛል ማለት ነው።" እኛ ቤት እንደዚያ ነው፤ ታላቅ ዝም ካለ ፈቅዷል። አባታችንም እኔን ሲሸኘኝ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አንድ ቀን ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ፣ ስለ እህቴ ነግሬያት የነበረችው የጎረቤታችን ማዳም ጠራችኝና "እህትሽን አምጫት፤ ሠራተኛ እፈልጋለሁ" አለችኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ስልኬ ግን ቅርጫት ገብቷል። ከምሳ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ዓሣ ልጠብስ ገባሁ። እጄ በዱቄት እንደተለወሰ ሰዓቱ ተንቀጠቀጠ። "መኪናው መጣ። ምን ትያለሽ?" ይላል።

ቅሪ። ይቺን ማለት ነው የፈለግኩት። ነካሁት፣ ጫንኩት፣ በክርኔ ሳይቀር መታሁት፤ ወይ ፍንክች። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ቀን አልገጠማቸውም። የእኔ ዝምታ እህቴን መኪና ላይ እየጫናት ነው።

እሳቱን አጠፋሁና ከነዱቄቴ ሳሎን ገባሁ። ማዳም ከእንግዶቿ ጋር ተቀምጣለች። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛ ታውቃለች፤ ስትናደድማ ይበልጥ ይጠራል። እጄን ቅርጫቱ ውስጥ ሳስገባ "ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ።

"ስልኬን እየወሰድኩ ነው፣ ማዳም።"

"ምሳ ደርሷል?"

"አልደረሰም" አልኳትና እዚያው ፊቷ ቆሜ ደወልኩ።

እህቴ አነሳች። የሞተር ድምፅ ይሰማል። "ዝም ስትዪኝ ተሳፈርኩ" አለችኝ።

"ሥራ ተገኝቷል፤ ውረጂ።"

"ሻንጣዬ ከላይ ታስሯል እኮ።"

"ሻንጣው ይሂድ። አንቺ ውረጂ።"

ስልኩ ተቋረጠ። ማዳም በእንግዶቿ ፊት "ወይ ሕጌን ታከብሪያለሽ፣ ወይ ቤቴን ትለቂያለሽ" አለች። "ቤቱ የእርስዎ ነው፤ እህቴ ግን የእኔ ናት" ብያት ዓሣዬን ልጨርስ ተመለስኩ። አላባረረችኝም። የሚጣፍጥ ዓሣ የሚጠብስላት ከየት ታመጣለች?

አርብ ስወጣ ያን ውድ ስልክ ገበያ ወስጄ በተራ ስልክ ለወጥኩት። ሻጩ "ጤነኛ ነሽ?" አለኝ። በጣም ጤነኛ ነኝ። የአዲሱ ስልኬ ካሜራ ደካማ ነው፤ ሰዓቴን ግን የማን ወገን ነህ ብሎ አይጠይቀውም።

እህቴ አሁን ጎረቤት ትሠራለች። የእኔን ቀሚስ ለብሳ ታኮርፈኛለች፤ ረዘመብኝ፣ ልብሴን ሁሉ ያስበላሽኝ አንቺ ነሽ ትለኛለች። ከዚያ መኪና ላይ ከነበሩት ልጆች እስካሁን የደወለ የለም። ታኩርፍ። ቀሚሱን አሳጥርላታለሁ።