እትዬ ተናኘ ከጎመኑ አጥር ሥር ያስቀመጡት አመድ

እትዬ ተናኘ ኦክላንድ ከልጃቸው ከሐሴት ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ የልብ ወዳጃቸው ጓሮ ያለው ጎመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ቀንድ አውጣ ቅጠሉን ወንፊት ሲያደርግባቸው ዝም ይላሉ? "ቆይ፣ አሳይሃለሁ!" ብለው ዛቱና በእንጨት ከሚጋግር አንድ ፒዛ ቤት አመድ አስለመኑ። ቀንድ አውጣ ደረቅ አመድ ላይ መሄድ አይወድም።

ሐሴት ጠዋት አመዱን በብረት ባልዲ ሞልታ አመጣችላቸው። ከላይ ከላዩ በጣሳ እየዘገኑ በጎመኑ ዙሪያ ነሰነሱ። ባልዲው የሰው ስለሆነ የተረፈውን ካርቶን ውስጥ ገለበጡና ከእንጨቱ አጥር ሥር አስጠግተውት ገቡ።

ቀትር ላይ ነፋስ ተነሳ። እትዬ ተናኘ ወጥ ሲያማስሉ ጭስ ሸተታቸው። በመስኮት ብቅ ቢሉ አጥሩ ይነዳል! ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታቸው የሂክማ ቤት ነው፤ በዚያው ግድግዳ በኩል ደግሞ ሕፃን ልጇ ቀን ቀን ይተኛል።

"ሂክማ! ልጁን! ልጁን አውጪው!"

ሂክማ ልጇን ታቅፋ በባዶ እግሯ ወጣች። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ሲያጠፉት አጥሩ የለም፤ ግድግዳው ከስሏል፤ የመስኮቱ መስታወት የሕፃኑ አልጋ ላይ ረግፏል። እትዬ ተናኘ አልጋውን ሲያዩ መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

አንዱ ሠራተኛ ከካርቶኑ ቦታ የቀላ ፍም በአካፋ አውጥቶ፣ አመዱን ማን እዚህ እንዳስቀመጠው ጠየቀ።

"ማይ ማም ዲድንት ኖው" አለች ሐሴት ፈጠን ብላ።

ሂክማም ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ያዘች። "አይዞዎት እማማ፣ ሳያውቁ ነው እኮ።"

እትዬ ተናኘ ዓይናቸውን ከፍሙ መንቀል አቃታቸው።

"አውቃለሁ እንጂ!" አሉ። "እናቴ ቤት ማታ ማታ ፍሙን በአመድ የምዳፍነው እኔ ነበርኩ። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጌ እሳት የማያይዘውም እኔው። እያወቅኩ ነው፣ ልጄ። ምን ነካኝ?"

ሂክማ ቀና አለች። እጇን ከትከሻቸው አንስታ ልጇን በሁለት እጇ አቀፈችው።