ደህና ነን ያሉ ልጆች

መምህር ዳምጤ ከጎጃም ተመድቦ በቆቦና በዋጃ መካከል ወዳለች አንዲት የቆላ ትምህርት ቤት ሲመጣ ዋና ሀብቱ ወፍራም ድምፁ ነበር። ለሦስተኛ ክፍል ልጆች እንግሊዝኛ የሚያስተምረው እንደ ዜማ ነው፤ እሱ ያወጣል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። «ሃው አር ዩ?» ሲላቸው ብድግ ብለው «ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ» ይሉታል። ሰላምታዋ ለአገሬውም እንግዳ አልነበረችም። እዚያ ከብቱ ቢያልቅ፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ «እንዴት ከረማችሁ» ላለ ሰው መልሱ «ተመስገን፣ ደህና ነን» ነው።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። ከተራራው የሚወርደው፣ ገበሬው ወደ ማሳው የሚጠልፈው ጎርፍም ቀረ። በኅዳር ክፍሉ ሳሳ፤ የመጡትም ግድግዳ ተደግፈው የሚማሩ ሆኑ። ዳምጤ በኪሱ ቆሎ ይዞ ይመጣል፤ እፍኝ ቆሎ ግን ስንቱን ያደርሳል? ከሁሉ ያስጨነቀችው ጌጥነሽ ነበረች። እግሯ አብጦ ከፈለች የምትባለው እናቷ አዝላ ታመጣታለች።

አንድ ረቡዕ የእርዳታ መኪና በሩ ላይ ቆመ። አስተርጓሚያቸው ታሞ ስለቀረ ሁለቱ ፈረንጆች ብቻቸውን ነበሩ፤ የምግብ ጣቢያ የት እንደሚተክሉ ያያሉ። አንዷ ነርስ ናት፤ ከጸሐዩ ወደ ጨለማው ክፍል አንገቷን ብቅ አድርጋ «ሃው አር ዩ?» አለች።

ልጆቹ የቀረቻቸውን አቅም አሰባስበው ተነሡ። «ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ።» ጌጥነሽ እንኳ ዴስኩን ይዛ ቆማለች።

ነርሷ ፈገግ ብላ አጨበጨበችና ተመለሰች። ዳምጤ ለአፍታ ኮራ። ያስተማረው ነገር ምን እንዳመጣ የገባው ሞተሩ ሲነሣ ነው። ሮጠ፤ አቧራውን እንጂ መኪናውን አልደረሰበትም።

መንገድ ዳር ጨው የሚሸጠው ነጅሙዲን አየው። «መምህሬ፣ ፋይንን እኔም አውቃታለሁ፤ እዚህ ድረስ ተሰማች። አስተምረህ አስተምረህ ጥጋብ አስተማርካቸው?» አለው። ፊቱን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወ። «ዓርብ በዚሁ ይመለሳሉ አሉ። አላህ ያውቃል።»

በማግሥቱ ዳምጤ በመጽሐፉ የሌለ ዓረፍተ ነገር አወጣ፤ «ዊ አር ሃንግሪ።» ትርጉሙን ሲነግራቸው የሚቀበል ጠፋ።

«ጋሼ፣ ለእንግዳ ራበኝ ይባላል?» አለች ጌጥነሽ።

ከፈለች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። «መምህር፣ ርሃባችንን ለፈጣሪ ነግረናል። ደግሞ ልጆቻችንን ልመና ሊያስተምሩብን ነው?»

«እትዬ ከፈለች፣ ፈጣሪ የላካት ያቺ ነርስ ብትሆንስ?»

ከፈለች በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ዓርብ መኪናው መጣ። ነርሷ እንደ ፊተኛው ከበሩ ላይ ጠየቀች። ልጆቹ ወደ ዳምጤ አዩ። አንዱ ከልማድ «ዊ አር…» ብሎ ጀመረና አቀረቀረ። ነርሷ እጇን አወዛውዛ ልትሄድ ዞረች።

ዳምጤ የቄስ ልጅ ነው፤ ሰው ፊት ራበኝ ብሎ አያውቅም። ወደ በሩ ሄዶ መንገዷ ላይ ቆመ። «ዊ አር ሃንግሪ» አለ፤ ያ ወፍራም ድምፅ ከድቶታል። «አይ አም ሃንግሪ።»

ጌጥነሽ ቀድማ ተቀበለችው። ቀጥሎ ሁሉም፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ግን በቀስታ።

ነርሷ ገባች። የልጆቹን ክንድ በጣቶቿ እየያዘች ስትሄድ ፊቷ ተለወጠ። ጌጥነሽን አቅፋ ወደ መኪናው ወሰደቻት። ለዳምጤ በፍጥነት ብዙ ተናገረች፤ ከዚያ ሁሉ የያዘው «ነገ» እና «ምግብ» የሚሉትን ብቻ ነበር።

ከፈለች እቤት አቅም አጥተው የተኙ ሕፃናት ስላሏት አብራ መሄድ አልቻለችም። የመኪናውን በር ይዛ አልለቅም አለች። «ስትድን ይመልሱልኝ እንደሆን ይጠይቁልኝ።»

ዳምጤ ቃሉን ፈለገ፤ አጣው። «ፕሊስ» አለ፤ ወደ ልጅቷ፣ ወደ እናቲቱ፣ ከዚያም ወደ መሬቱ እየጠቆመ። ነርሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን አለች?»

«እመልሳታለሁ ብላለች» አለ ዳምጤ።

ከፈለች በሩን ለቀቀች።