ያልወረደው እጣቢ

አሶሳ ውስጥ ቧንቧ የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ የእኛ ማድ ቤት ዕቃ ማጠቢያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ከሥሩ አንጓው የተፈለፈለ ቀርከሃ ግድግዳውን አልፎ ወደ ጓሮ ይወጣል። እጣቢውን ድንጋዩ ላይ ትደፊያለሽ፣ በቀርከሃው ይወርዳል፣ አለቀ።

ፈላ ውሃ ከሆነ ግን ቢስሚላህ ሳይሉ መድፋት የለም። ከሥር የሚኖሩት ጂኖች ይቃጠላሉ፣ ቂምም ይይዛሉ። አማቴ ይህን የነገሩኝ ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ማግስት ነው። ከዚያ በኋላም በየቀኑ እየደጋገሙ ጆሮዬን አደነቆሩት። እኔ ደግሞ ግትር ነበርኩ፣ አልዋሽም።

አንድ የገበያ ቀን የባሚያ ድስት ላጥብበት ያፈላሁትን ውሃ ዝም ብዬ ደፋሁት። ረስቼ አይደለም፤ ሰልችቶኝ ነው። በሳምንቱ የሦስት ዓመት ልጄን ትኩሳት ያዛት፣ በአራተኛው ቀን ቀበርናት። ለቀስተኛው ሲበተን አማቴ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ ፈላ ውሃ ስትደፊ ቢስሚላህ ትያለሽ አይደል?” አሉኝ።

“እላለሁ” አልኳቸው። ዓይኔን እንኳ አልሰበርኩም።

ከዚያ ወዲህ ውሃው አልወርድ አለ። ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ይቆይና ድንገት ጉልጉል ብሎ ጥቂት ይወርዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ሰው ጉሮሮውን የሚጠርግ ይመስል ነበር። በጠራራ ፀሐይ ማድ ቤት መግባት ፈራሁ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ የሚለው ሐሳብ አንጀቴን ይበላኝ ነበር፣ ለማን ይነገራል።

ሽታው ቤቱን ሞላው። ባለቤቴ ወርቅ ሊያጥብ ወንዝ ከወረደ ወር አልፎታል፤ ማንን ልጠብቅ። አንድ ጠዋት ጓሮውን በዶማ ቆፍሬ ቀርከሃውን ጎትቼ አወጣሁት። በረጅም እንጨት ስገፋው መጀመሪያ የከረመ አመድና ቅባት ወጣ። ቀጥሎ ጠጠር፣ የአገዳ ቁራጭ፣ በመጨረሻም ክሩ የበሰበሰ ቀይ ጨሌ።

ጨሌው የልጄ ነው። ጠፋብኝ ብላ ስታለቅስ ተቆጥቼአት ነበር። ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ ተቀምጣ ያገኘችውን ሁሉ ቀርከሃው ውስጥ ትከት ኖሯል፣ እኔ መች አየኋት።

አማቴ ሲመጡ ጭቃው ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። “ያን ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ” አልኳቸው። “ከመታመሟ በፊት ፈላ ውሃ ደፍቻለሁ። ቢስሚላህ አላልኩም።”

ጨሌውን ተቀብለው አጠቡት፣ መዳፌ ውስጥ አድርገውም ጣቶቼን አጠፉልኝ። “አውቃለሁ። ያን ቀን ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ዝም ስትይ ሰምቼ በአንቺ ፈንታ እኔ ብዬልሻለሁ። በይ ተነሺ፣ ቀርከሃውን እንመልሰው።”

ታዲያ ያኔ ለምን ጠየቁኝ? ብዬ አላሰብኩም። ቀርከሃውን አብረን መለስን፣ ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ጠግቤ የበላሁት ያን ዕለት ነው።

ወራት ካለፉ በኋላ ጨው ስፈጭ ትዝ አለኝ። ያን የገበያ ቀን አማቴ ጨው ሊገዙ በማለዳ ወጥተው የተመለሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ድስቱን ያጠብኩት በቀትር ነበር።

እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። ዛሬ ቀዝቃዛውንም ውሃ ቢስሚላህ ሳልል አልደፋም፣ ያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ። ያን ቀን ግን በዚያ ቤት ቢስሚላህ ያለ ሰው አልነበረም።