የምስጋናው ገጽ

የሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት መርሳ ዳር፣ ወንዝ አፋፍ ላይ፣ የድሮ ባላባት ግቢ ውስጥ ባለ የግብርና ኮሌጅ ነው። ላይብረሪያችን በባላባቱ ዘመን የእህል ጎተራ ነበር። የላይብረሪው ኃላፊ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም "ጋሼ" እንላቸዋለን። የመጽሐፍ መመለሻ በአንድ ቀን ያሳለፈ ተማሪ ከምላሳቸው አያመልጥም ነበር።

ጦርነቱ ከወልድያ ወደ እኛ ሲወርድ ወደ ደሴ በእግር ልንሸሽ ተነሳን። ሁለት ክረምት የማሽላ ማሳ ውስጥ ተንበርክኬ የሞላኋቸው አራት ደብተሮች ነበሩኝ፤ ጥናቴ ማለት እነሱ ናቸው። ቁጥርና የማሳ ካርታ የሞላበት ደብተር ኬላ ላይ ያስጠረጥራል ስለተባልኩ ወደ እሳቸው ወሰድኳቸው።

"ጋሼ፣ አደራ።"

"ከራሴ መዝገብ ለይቼ አላየውም፣ ልጄ" አሉኝ።

ስንመለስ መርሳ መናኸሪያ ላይ ቆሎ ገዛሁ። ጥቅልሉን ስፈታው የገዛ እጅ ጽሑፌ ነው፤ የሦስተኛው መደብ ማሽላ የዘለላ ርዝመት። ሻጯ የላይብረሪው ሰውዬ ሚስት ናት። የቀረውን ወረቀት ስጠይቃት "አለቀ" አለችኝ።

ሄድኩበት። አንቱታውን በሩ ላይ ጥዬዋለሁ።

"ቸግሮን ነበር" አለኝ።

ችግሩን አልክድም፤ ሁላችንም ቀምሰነዋል። ግን የራሱ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገለጥኩት፤ አንድ ቅጠል አልተቀደደም። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። በኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። "እሺ" ብዬ ሸኘኋቸውና ቂሜን እንደ ዘር እህል አስቀመጥኩት።

ሁለት ክረምት እንደገና ዘራሁ፣ እንደገና ለካሁ። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ጥናቴ ሊጠረዝ ሲል የምስጋናውን ገጽ ጻፍኩ። እግዚአብሔርን፣ እናቴን፣ አማካሪዬን አመሰገንኩ። ከዚያ እሱን፣ ከነአባቱ ስም፦ "በአደራ የሰጠሁትን የሁለት ዓመት ልፋቴን የቆሎ መጠቅለያ ላደረገው።"

በኮሌጁ ደንብ አንድ ቅጂ ለላይብረሪ ይገባል፤ ማኅተም የሚመታው እሱ ነው። ገጹን ገልጬ ሰጠሁትና ፊቱ ቆሜ ጠበቅሁ። መነጽሩን አደረገ። አነበበ። ማኅተሙን እፍ ብሎ ስሙ አጠገብ መታው፤ በዚያው ባልተቀደደው መዝገብም አሰፈረው።

"ስሜ ላይ አልተሳሳትሽም" አለኝ።

እንዲያለቅስ ነበር የፈለግሁት። እንዲለምነኝ። ይህ ካልሆነ ደግሞ ገጹን ቀድዶ እንዲጥለውና ዳግመኛ እጅ ከፍንጅ እንድይዘው። ከተመረቅሁ በኋላም በየሴሚስተሩ እየሄድኩ አየሁ፤ መደርደሪያው ላይ ነው። ጡረታ በወጣ ማግሥትም አውርጄ ገለጥኩት። ገጹ እንዳለ ነው፤ ይህንኛውን አደራ ጠብቆታል።

አሁንም ይቅር አላልኩትም።